የኢንፍሉዌንዛ ክትባትና የክርስቲያን ውሳኔ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የመስከረም ወር ተጋምሶ በሰሜኑ የዓለም ክፍል ቅዝቃዜ መግባት ሲጀምር፣ በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውሮጳ የሚኖሩ ምእመናን በየሥራ ቦታቸው፣ በየመድኃኒት ቤቱና በየሐኪሙ ዘንድ አንድ ጥያቄ ይቀርብላቸዋል፤ «የዘንድሮውን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ወስደዋልን?» የሚል። በተለምዶ «ፍሉ ሻት» የሚባለው ይህ ክትባት በአገር ቤት በመደበኛነት የሚሰጥ ስላልሆነ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነው። በሆስፒታልና በአረጋውያን መጦሪያ የሚያገለግሉ ወገኖቻችን ክትባቱን እንዲወስዱ ከአሠሪዎቻቸው ይጠየቃሉ። የልጅ ልጆቻቸውን ለማሳደግ ከኢትዮጵያ የመጡ እናቶችና አባቶችም እንዲሁ ከሐኪም ፊት ቀርበው ይጠየቃሉ፤ ምን እንደሚመልሱ ግን ይቸገራሉ።

ጥያቄው ብዙ ጊዜ ወደ ካህናት ይመጣል። «ሳልታመም መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል አይሆንብኝምን? ጾም ይሽራልን? በውስጡ የማይገባ ነገር አለበት ይባላል፤ እውነት ነውን?» የሚሉ ምእመናን ብዙዎች ናቸው። ይህ ጽሑፍ ስለ በሽታው፣ ስለ ክትባቱና ስለ ቤተ ክርስቲያን አስተምህሮ ለውሳኔ የሚረዳ ማብራሪያ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። የሐኪምን ምክርም ሆነ የንስሐ አባትን ምክር የሚተካ አይደለም።

ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ

በቋንቋችን ንፍጥ፣ ሳልና ትኩሳት ያለበትን ሕመም ሁሉ «ጉንፋን» ብለን ስለምንጠራው ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠሩብናል። ተራው ጉንፋን ልዩ ልዩ በሆኑ ብዙ ቫይረሶች የሚመጣ፣ ቀስ ብሎ የሚጀምር፣ አፍንጫንና ጉሮሮን አስቸግሮ በጥቂት ቀናት የሚለቅ ሕመም ነው። ኢንፍሉዌንዛ ግን የራሱ የሆነ ቫይረስ ያለው ሌላ በሽታ ነው። ብዙውን ጊዜ በድንገት ይጀምራል፤ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ ደረቅ ሳልና ከአልጋ የሚጥል ድካም ያስከትላል።

አብዛኛው ሰው በአንድ ሳምንት አካባቢ ይድናል፤ ሳሉና ድካሙ ግን ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። በሽታው የሚከፋው በአረጋውያን፣ በነፍሰ ጡሮች፣ በሕፃናት፣ እንዲሁም የልብ፣ የስኳር፣ የአስም፣ የኩላሊትና የመሳሰለው የቆየ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ነው። በእነዚህ ላይ ወደ ሳንባ ምች ሊለወጥ፣ የነበረውን ሕመም ሊያባብስና ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን ሰዎች በኢንፍሉዌንዛ በጽኑ ይታመማሉ፤ ከ290 ሺህ እስከ 650 ሺህ የሚደርሱትም ከዚሁ በሚመጣ የመተንፈሻ አካል ሕመም ይሞታሉ።

በሽታው የሚተላለፈው የታመመ ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስና ሲናገር በሚወጣው ጥቃቅን ፍንጣቂ፣ እንዲሁም በተበከለ እጅ ነው። ልብ ልንለው የሚገባን ሌላም ነገር አለ። በቫይረሱ የተያዘ ሰው የሕመሙ ምልክት ከመታየቱ አንድ ቀን ያህል አስቀድሞ ለሌላው ማስተላለፍ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ «ሲያመኝ ከሰው እርቃለሁ» ማለት መልካም አሳብ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም።

ይህ በሽታ ለኢትዮጵያ ፈጽሞ ያልታወቀ አይደለም። አባቶቻችንና እናቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ብለው የሚያስታውሱት በ1911 ዓ.ም ኅዳር ወር ሕዝቡን የፈጀው ወረርሽኝ፣ በዓለም ላይ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው የጨረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነበር። በአዲስ አበባ አስታማሚና ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሕዝብ አልቋል፤ ከሞት የተረፉትም ብዙ ቀን አልጋ ይዘዋል። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ በበሽታው ተይዘው በእግዚአብሔር ቸርነት ድነዋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ በቅዱስ ሚካኤል በዓል ዕለት፣ ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠሉ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድም ከዚያ መከራ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ያ ትውልድ ወደ እግዚአብሔር እየጮኸ፣ የመልአኩን አማላጅነት እየተማጸነ፣ አካባቢውንም ያጸዳ ነበር። ጸሎቱ እጁን ከሥራ አላሰረውም፤ ሥራውም ጸሎቱን አላስቀረበትም።

በየዓመቱ የሚመጣው ኢንፍሉዌንዛ እንደ 1911ዱ ያለ ወረርሽኝ አይደለም፤ ያንን እያነሡ ሰውን ማስፈራራትም አይገባም። ነገር ግን «ጉንፋን ነው» ተብሎ የሚናቅም አይደለም።

ክትባቱ ምንድን ነው? እንዴትስ ይሠራል?

ክትባት ለሕዝባችን ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ዘመናዊ ሕክምና ሳይስፋፋ በፊትም በአንዳንድ የአገራችን ክፍሎች ቀለል ያለ ፈንጣጣ ከያዘው ሰው ቁስል ወስደው ጤነኛውን በክንዱ ላይ በጥቂቱ በጥተው ይከትቡ ነበር። ያ ልማድ የራሱ አደጋ ነበረበት፤ አሳቡ ግን ሰውነት በሽታውን በጥቂቱ ካወቀው ኋላ በብዙው ሲመጣ ይቋቋመዋል የሚል ነበር። ኋላም በተሻለ ክትባት አማካይነት ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ በ1968 ዓ.ም መጨረሻ ጠፋ፤ ከዓለም መጥፋቱም በ1972 ዓ.ም ታወጀ። ዛሬ ልጆቻችን ፊታቸው በፈንጣጣ ጠባሳ ሳይበላሽ፣ ዓይናቸውም ሳይጠፋ የሚያድጉት ከዚህ የተነሣ ነው።

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በአሠራሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። በመርፌ የሚሰጠው ክትባት የሞተ ቫይረስ ወይም የቫይረሱን የላይኛ ክፍል ብቻ የያዘ ነው። ሰውነት ይህን ሲያይ ጠላቱን ለይቶ ያውቅና የመከላከያ ኃይሉን ያዘጋጃል። ይህ ዝግጅት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ ክትባቱን የወሰደ ሰው በማግሥቱ የተጠበቀ አይደለም።

ሌሎች ክትባቶች አንድ ጊዜ ወይም ጥቂት ጊዜ ብቻ ሲሰጡ ይህ በየዓመቱ የሚሰጠው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ መልኩን ቶሎ ቶሎ ይለዋውጣል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለሰሜኑ የዓለም ክፍል በየካቲት ወር አካባቢ፣ ለደቡቡ ደግሞ በመስከረም ወር አካባቢ ባለሙያዎችን ሰብስቦ ለሚመጣው ወቅት የትኞቹ የቫይረስ ዓይነቶች በክትባቱ ውስጥ መግባት እንዳለባቸው ያሳውቃል። ሁለተኛ ሰውነት ከክትባቱ ያገኘው ኃይል በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል።

ባለሙያዎቹ የሚመርጡት ቫይረሱ በኋላ የሚይዘውን መልክ አስቀድመው ገምተው ስለሆነ ግምቱ አንዳንድ ዓመት በደንብ ይገጥማል፤ አንዳንድ ዓመት ደግሞ አይገጥምም። በደንብ በገጠመባቸው ዓመታት ክትባቱ ታምሞ ሐኪም ዘንድ የመሄድን ዕድል ከ40 እስከ 60 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ታይቷል። ይህ ማለት ክትባቱን ወስዶም መታመም አለ ማለት ነው። ነገር ግን ተከትበው ከታመሙት መካከል ብዙዎቹ ሕመሙ ይቀልላቸዋል፤ ሆስፒታል የመግባትና የመሞት አደጋም ይቀንሳል። እንግዲህ ክትባቱ ፍጹም ጋሻ አይደለም፤ ከንቱም አይደለም። «ፈጽሞ አያስይዝም» የሚልም፣ «ምንም አይጠቅምም» የሚልም ሁለቱም ከእውነት ይርቃሉ።

ቤተ ክርስቲያን ስለ ሕክምና ምን ታስተምራለች?

የሰው ነፍስ ብቻ ሳይሆን ሥጋውም የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው። ቃል ሥጋ የሆነበትን ምሥጢር የምታምን፣ ትንሣኤ ሙታንን ተስፋ የምታደርግ ቤተ ክርስቲያን ሥጋን አትንቅም። ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ መሆኑን ሐዋርያው አስተምሮናል (1ኛ ቆሮ. 6፥19)። ስለዚህ ጤንነትን መጠበቅ ከአደራ ጠባቂነት የሚቈጠር ነው።

መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን እንድናከብር፣ ጥበቡም ከልዑል እግዚአብሔር እንደ ተሰጠው፣ መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እርሱ ራሱ እንደ ሆነ፣ አስተዋይ ሰውም ይህን እንደማይንቅ ያስተምራል። በዚያው ምዕራፍ የታመመ ሰው አስቀድሞ ወደ እግዚአብሔር እንዲጸልይ፣ ከኃጢአትም እንዲመለስ፣ ከዚያም ለባለ መድኃኒቱ ስፍራ እንዲሰጥ ይመክራል። ጸሎት፣ ንስሐና ሕክምና በአንድ ምዕራፍ ተከታትለው የተነገሩ ናቸው። ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ ዕድሜው እንደ ተጨመረለት ቃለ እግዚአብሔርን ካደረሰ በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዟል (ኢሳ. 38፥21)። እግዚአብሔር ያለ በለስ ማዳን ይችል ነበር፤ ነገር ግን በፈጠረው ፍጥረት አማካይነት መፈወስንም ወደደ። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ባለ መድኃኒት ነበረ (ቈላ. 4፥14)።

በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የቂሣርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ባስልዮስ ሕሙማን የሚታከሙበትን ቤት ያሠራ አባት ነው። ስለ ሕክምና ሲያስተምርም ይህ ጥበብ ከእግዚአብሔር የተሰጠ መሆኑን፣ ስለዚህም መናቅ እንደማይገባ፣ በሌላም በኩል የድኅነትን ተስፋ ሁሉ በሐኪም እጅ ላይ ብቻ መጣል እንደማይገባ ሁለቱን ሚዛን ጠብቆ አስረድቷል። የምእመን መንገድ ይህ ነው። ባለ መድኃኒቱን እያከበረ መድኃኒተ ዓለምን ተስፋ ያደርጋል።

ምእመናን ደጋግመው የሚያነሧቸው ጥያቄዎች

1. «ሳልታመም መድኃኒት መውሰድ እግዚአብሔርን አለማመን አይደለምን?»

አንዳንዶች ባለ መድኃኒት የሚያስፈልገው ለሕሙማን እንጂ ለጤነኞች እንዳልሆነ ጌታችን የተናገረውን ለዚህ ይጠቅሳሉ (ማቴ. 9፥12)። ጌታችን ይህን የተናገረው ከኃጥኣንና ከቀራጮች ጋር ለምን እንደሚበላ ለጠየቁት ነው፤ ቃሉ ስለ ንስሐ የተነገረ እንጂ መከላከልን የሚከለክል አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ ክፉ ቀን ሳይመጣ አስቀድመው የተዘጋጁትን በእምነታቸው ያመሰግናቸዋል። ኖኅ መርከብን የሠራው ዝናብ ሳይዘንብ ነው፤ ሐዋርያውም ያንን ሥራ በእምነት የተሠራ ይለዋል (ዕብ. 11፥7)። ዮሴፍ እህል ያከማቸው በጥጋቡ ዘመን ነው (ዘፍ. 41)። በኦሪትም ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ወድቆ እንዳይሞትበት በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል (ዘዳ. 22፥8)። ይህ ሕግ የወደቀውን ስለ ማንሣት ሳይሆን እንዳይወድቅ ስለ መጠበቅ የተሰጠ ነው፤ የሚጠብቀውም ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን ወደ ቤቱ የሚገባውን እንግዳ ጭምር ነው።

«እግዚአብሔር ይጠብቀኛል» ማለት እውነተኛ እምነት ነው። መጠበቂያ መንገድ ተሰጥቶ ሳለ እርሱን ትቶ «ይጠብቀኛል» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ጌታችን ከቤተ መቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ዲያብሎስ በፈተነው ጊዜ አምላክን መፈታተን እንደማይገባ አስተምሮናል (ማቴ. 4፥5-7)።

2. «ጠበል እየጠጣሁ ክትባት መውሰድ ይቻላልን?»

ይቻላል። ጠበልና መድኃኒት የሚጣሉ አይደሉም። በኤች አይ ቪ ዘመን ብዙ ወገኖች ጠበል ስንገባ መድኃኒት እናቋርጥ ብለው ሕይወታቸውን አደጋ ላይ በጣሉ ጊዜ፣ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲጠቀሙ በይፋ መክረዋል። በሕመም ጊዜ የተሰጠው ይህ ምክር ሕመምን ለመከላከልም ይሠራል። ጠበሉን በእምነት እንጠጣለን፤ ክትባቱንም በምስጋና እንቀበላለን።

3. «በውስጡ የአሳማ ነገር አለበት ይባላል፤ እውነት ነውን?»

ይህ ጥያቄ ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው ተብሎ የሚተው አይደለም። ክትባቱ በሁለት መንገድ ይሰጣል፤ በመርፌና በአፍንጫ በሚነፋ። በአፍንጫ የሚነፋው ለመጠበቂያ የሚሆን ከአሳማ የተገኘ ጄላቲን ይጨመርበታል። በመርፌ የሚሰጡት አብዛኞቹ ግን ጄላቲን የለባቸውም። በእንግሊዝ አገር ለተማሪዎች በዋናነት የሚሰጠው በአፍንጫ የሚነፋው ስለሆነ፣ በዚህ ምክንያት የማይቀበሉ ወላጆች በምትኩ መርፌው እንዲሰጥላቸው መጠየቅ ይችላሉ። በሌሎችም አገሮች ባለሙያውን «ጄላቲን የሌለበትን እፈልጋለሁ» ማለት ነውር የለውም። ለሕክምና የሚወሰድ ነገር ከመብል የተለየ መሆኑን ብዙ መምህራን ያስረዳሉ፤ ኅሊናው የሚያስጨንቀው ግን ሌላ አማራጭ እያለ መጨነቅ አያስፈልገውም።

በሌላ በኩል ከተጨናገፈ ፅንስ በተገኘ ሕዋስ ይሠራል የሚለው ወሬ የኢንፍሉዌንዛን ክትባት አይመለከትም። በአሜሪካና በአውሮጳ በስፋት የሚሰጡት በዶሮ እንቁላል፣ በእንስሳ ሕዋስ ወይም በነፍሳት ሕዋስ የሚዘጋጁ ናቸው።

4. «በእንቁላል የሚሠራ ከሆነ ጾም ይሽራልን?»

የክትባቱ ወቅት ከጾመ ነቢያት ጋር ስለሚገጥም ይህ ጥያቄ ይነሣል። ጾም ከመብልና ከመጠጥ መከልከል ነው፤ በክንድ ላይ በመርፌ የሚሰጥ ክትባት መብል አይደለም፤ የሚያጠግብም የሚያስደስትም ነገር የለበትም። ኅሊናው ያልረጋ ምእመን ጾሙ ከመግባቱ ከኅዳር 15 በፊት ሊወስደው ይችላል፤ ለጤናውም ቢሆን ወቅቱ ከመክፋቱ አስቀድሞ መውሰዱ ይሻላል።

5. «በምቆርብበት ቀን መከተብ እችላለሁን?»

አይመከርም። ሥጋ ወደሙን የሚቀበል ምእመን አስቀድሞ 18 ሰዓት ይጾማል፤ ከተቀበለም በኋላ ስለ ቅዱስ ምሥጢሩ ክብር ደም ከሚያፈስ ነገር ሁሉ በዚያ ዕለት እንዲጠነቀቅ አባቶች ያስተምራሉ። ክትባት አስቸኳይ ስላልሆነ ከቁርባን ጥቂት ቀን አስቀድሞ ወይም ዘግይቶ መውሰድ ይቻላል። አንድ ወይም ሁለት ቀን ትኩሳትና ድካም ሊኖር ስለሚችልም ማኅሌት ወይም ረጅም አገልግሎት ያለበት ዋዜማ ላይ ባይሆን ይመረጣል።

6. «ባለፈው ዓመት ተከትቤ ወዲያው ታመምሁ። ክትባቱ ራሱ አላሳመመኝምን?»

በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ሕያው ቫይረስ ስለሌለበት ኢንፍሉዌንዛን ሊያስይዝ አይችልም። የተወጋው ክንድ መቍሰል፣ ቀላል ትኩሳትና ቁርጥማት ግን የተለመዱ ናቸው፤ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይለቃሉ። ከዚያ የጸና ሕመም ከመጣ ወይ ሌላ ዓይነት ጉንፋን ነው፤ ወይም ሰውነት የመከላከያ ኃይሉን አዘጋጅቶ ሳይጨርስ የያዘ ኢንፍሉዌንዛ ነው። ጽኑ ጉዳት ፈጽሞ የለም ማለት ግን አይደለም። ከባድ አለርጂ እጅግ ጥቂት በሆኑ ሰዎች ላይ ይታያል። ነርቭን የሚያደክመው ጊያን ባሬ የተባለው ሕመምም በሚሊዮን ከሚከተቡ ሰዎች በአንድ ወይም በሁለት ላይ ሊከሰት እንደሚችል ይገመታል።

ማን ቢከተብ ይበልጥ ይጠቀማል? ማንስ ይጠንቀቅ?

የዓለም ጤና ድርጅት ቅድሚያ እንዲያገኙ የሚመክራቸው አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የቆየ ሕመም ያለባቸው ሰዎችና የጤና ባለሙያዎች ናቸው፤ ሕፃናትም ከሚታሰቡት መካከል ናቸው። ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ በአንዳንድ አገሮች ኃይሉ የጨመረ ልዩ ክትባት ስለሚሰጥ ሐኪሙን መጠየቅ ይጠቅማል።

ለነፍሰ ጡር እናቶች ጉዳዩ በእጥፍ ይታያል። ዕድሜው 6 ወር ያልሞላው ሕፃን ይህን ክትባት መውሰድ አይችልም። እናቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ከተከተበች ግን ለራሷ ያገኘችው መከላከያ ወደ ፅንሱ ያልፍና ከተወለደ በኋላም ለጥቂት ወራት ይጠብቀዋል። እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ይጠመቃሉ። በክረምቱ ብርድ መካከል የሚጠመቀውን ሕፃን ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ይታቀፈዋል፤ ይስመዋል። ይህ ታላቅ ደስታ ነው፤ ሊቀርም አይገባም። ራሱን መከላከል የማይችለውን ሕፃን ግን በዙሪያው ያሉት ወላጆቹ፣ ክርስትና አባቱ ወይም ክርስትና እናቱና አያቶቹ ሊጠብቁት ይገባል፤ ከመንገዶቹም አንዱ እነርሱ መከተባቸው ነው። የሚያስለው ሰው ደግሞ ያን ቀን ከሩቅ ቢመርቅ ፍቅሩ አይጎድልበትም።

ለልደትና ለጥምቀት በዓል ወደ ኢትዮጵያ የሚጓዙ ምእመናንም ይህን ያስቡ። እነዚህ በዓላት የሚውሉት በሰሜኑ የዓለም ክፍል ኢንፍሉዌንዛ በሚበረታበት ወቅት ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ እናቱን ለማየት የሚሄድ ሰው ከስጦታው ጋር በሽታ ይዞ እንዳይገባ ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ሊከተብ ይችላል። እናቲቱ በምትኖርበት አካባቢ ክትባቱን በቀላሉ አታገኘውምና።

መጠንቀቅ የሚገባቸውም አሉ። ከዚህ በፊት በዚህ ክትባት ከባድ አለርጂ የገጠመው ሰው ሐኪሙን ሳያማክር መውሰድ አይገባውም። ከቀድሞ ክትባት በኋላ በ6 ሳምንት ውስጥ የጊያን ባሬ ሕመም የያዘውም እንዲሁ ነው። በጽኑ ትኩሳት ላይ ያለ ሰው እስኪሻለው ይቆይ። በአፍንጫ የሚነፋው ክትባት የተዳከመ ቢሆንም ሕያው ቫይረስ ስላለበት ለነፍሰ ጡሮችና የሰውነት መከላከያቸው ለደከመ ሰዎች አይሰጥም። የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው ሰዎች ቀድሞ ይከለከሉ ነበር፤ ዛሬ ግን አብዛኞቹ መውሰድ እንደሚችሉ ባለሙያዎች ስለሚናገሩ ለሐኪም ነግሮ መመካከር ይበቃል። ከ9 ዓመት በታች የሆኑና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተቡ ልጆች በአራት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ እንደሚወስዱም ወላጆች ይወቁ።

እንዴት እንወስን?

ይህን ክትባት መውሰድ ወይም አለመውሰድ የሃይማኖት ምስክርነት አይደለም። የተከተበ አላመነም፣ ያልተከተበም አልበደለም ተብሎ በጅምላ የሚፈረድበት ነገር አይደለም። በዚህ ምክንያት በሰንበቴና በማኅበር መካከል መከፋፈል፣ አንዱ ሌላውን «እምነት የለህም» ወይም «አላዋቂ ነህ» ማለት ክትባቱ ከሚጠብቀን በሽታ የባሰ ነው። ሐዋርያው ስለ መብል የተለያየ አሳብ ለነበራቸው ምእመናን እርስ በርሳቸው እንዳይናናቁና እንዳይፈራረዱ የሰጠው ምክር ለዚህም ይሆናል (ሮሜ 14)።

ቢሆንም ምርጫው የግል ነው ማለት ሳያስቡ ይወሰናል ማለት አይደለም። ክርስቲያን ሲወስን ሦስት ነገር ይመዝናል። በመጀመሪያ የራሱን ሁኔታ ያያል፤ ዕድሜውን፣ ያለበትን ሕመም፣ ሐኪሙ የሚለውን። ቀጥሎ በዙሪያው ያለውን ባልንጀራውን ያያል። የ30 ዓመት ጤነኛ ጎልማሳ ለራሱ ብዙ የሚፈራው ነገር ላይኖር ይችላል፤ ነገር ግን ቤቱ ውስጥ የስኳር ሕመምተኛ እናት ካለች፣ ወይም ቀን ከሌት አረጋውያንን የሚያነሣና የሚያስተኛ ሠራተኛ ከሆነ ጥያቄው የእርሱ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ሰገነቱ የእርሱ ነው፤ ሊወድቅ የሚችለው ግን እንግዳው ነው። በመጨረሻም የሰማውን ነገር ምንጩን ይመረምራል። በስልክ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ስም የሌለው ድምፅና ጽሑፍ፣ «አንድ አባት እንዲህ አሉ» የሚል ቢሆንም እንኳ፣ ለነፍስም ለሥጋም መመሪያ አይሆንም። የንስሐ አባት አለን፤ ሐኪምም አለን። ለአንዱ የነፍሳችንን፣ ለሌላው የሥጋችንን ጉዳይ ሳንደብቅ እንንገር። በቋንቋ ምክንያት ያልገባን ነገር ካለ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችን ነው። በየአጥቢያው የጤና ባለሙያ የሆኑ ብዙ ምእመናን ስላሉም ከቅዳሴ በኋላ እናቶችና አባቶች በሚረዱት ቋንቋ እንዲያስረዱ ማድረግ መልካም አገልግሎት ነው።

የተከተበም ያልተከተበም የሚጋራው ድርሻ አለ። እጅን መታጠብ፣ ሲያስሉ አፍን መሸፈን፣ በብርድ ጊዜም ቢሆን አዳራሽን አየር እንዲያገኝ ማድረግ፣ ትኩሳት ሲኖር ቤት ሆኖ መጸለይ ይገባል። ታሞ ከቤተ ክርስቲያን የቀረ ሰው ከጸሎት አልቀረም፤ ቤተ ክርስቲያን በየቅዳሴው ስለ ሕሙማን ትጸልያለችና። ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው አረጋዊ ወይም የቆየ ሕመም ያለበት ከሆነ ቶሎ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ የሚረዳው መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሲጀመር ይበልጥ ይሠራልና። የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም ወይም የአእምሮ መደናገር ከታየም ጊዜ አይሰጥም።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ዕድሜያችን በእግዚአብሔር እጅ ነው፤ ክትባት አንድ ቀን እንኳ ከእርሱ ፈቃድ ውጭ አይጨምርልንም። ነገር ግን ዕድሜን የሚሰጥ እርሱ ራሱ አእምሮንም፣ ጥበብንም፣ ባልንጀራንም ሰጥቶናል። በእነዚህ ተጠቅመን ስንወስን፣ ውሳኔያችንም ከፍርሃት ይልቅ ከፍቅር ሲመነጭ፣ ለራሳችንም ለደካሞቹም የሚበጀውን እናደርጋለን። አምላካችን ሕሙማንን ይፈውስልን፤ አረጋውያንን ይጠብቅልን፤ ሕፃናትን ያሳድግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።